ጥቁሩ መሬት ለጤፍ፥ ቀዩ ኮረብታ ለቤት

ከመንግሥት ሀብት ለእርሻ ሥራ ምን ያህል ይውጣ የሚለው ነገር ባገራችን የዛሬ ክርክር አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ እርሻ ራሱን የቻለ ሹም እንደሚያስፈልገው ተመልክተው ከንቲባ ወልደ ጻድቅን በዚሁ ሥራ ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያም በፊት በክፉው ቀን፥ ከብቱ ኹሉ በበሽታ ባለቀ ጊዜ፥ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የተነሡት መንግሥታት በሌላው ነገር እርስ በርሳቸው ባይስማሙም እርሻ ያገር መሠረት ነው በማለት ኹሉም ተስማምተዋል። በ1995 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ደግሞ ያፍሪካ መሪዎች ማፑቶ ላይ ተሰብስበው ከየመንግሥታቸው በጀት ከመቶ ዐሥር እጅ ለእርሻ እንዲውል ቃል ተጋቡ፤ ይህንኑም ቃል በ2006 ዓ.ም. ማላቦ ላይ አደሱት። ኢትዮጵያም ቃሉን ከፈጸሙት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆና ስትጠራ ቈይታለች።

ይህ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ በጀት በሚመረመርበት ጊዜ የሚቈጠረው ብር ነው፤ ብሩ የሚዘራበት መሬት በዚያው ዓመት ስንት ጋሻ እንደ ጐደለ ግን ከሒሳቡ ጐን ተጽፎ አናይም። ባንድ እጁ ለእርሻ የሚሰጥ፥ በሌላው እጁ የእርሻውን መሬት የሚወስድ ባለቤት፥ በዓመቱ መጨረሻ ለእርሻ ምን ያህል እንደ ሰጠ በእውነት ሊያውቀው አይችልም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከዋናው ከተማ በስተ ደቡብ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱን መመልከት ይበቃል።

ቱሉ ዲምቱ ስንል በባሌ ተራሮች ላይ በዚሁ ስም የሚጠራውንና ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ማለታችን አይደለም፤ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለውን፥ ያዲስ አበባ ዳርቻ የሆነውን ቦታ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቋንቋ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የቀድሞ ሰዎች ለቦታ ስም ሲያወጡ መሬቱን አይተው ነውና፥ ኮረብታውን በቀይነቱ ለይተው የጠሩት በዙሪያው የተዘረጋው ሜዳ ጥቁር ስለ ሆነ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፎቅ በፎቅ ተሰልፈው ቆመዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 የተከፈተው፥ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም መነሻው ከዚሁ ነው። ትናንት ጤፍ ሲወቃበት የነበረው ዐውድማ ዛሬ የታክሲ መቆሚያ ሆኗል።

ይህ ጥቁር መሬት ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ ብሎ የሚጠራው ነው። ጠባዩ ለማያውቀው ሰው እጅግ አስቸጋሪ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ የበሬውን እግር ይይዛል፥ ማረሻውን ያከብዳል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁም ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰፋል። ውሃ ከላዩ ሲተኛበት ሌላው እህል ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ጤፍ ግን ውሃ የጠገበውን መሬት ይታገሣልና፥ ገበሬው ደጋግሞ ካረሰ በኋላ በሐምሌ ወር ከብት ነድቶ መሬቱን ያስረግጠዋል፤ በተረገጠውም ጭቃ ላይ ያንን ደቃቅ ዘር ይበትናል። ጤፍ ባልተዘራበት ወገን የሚሆነው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል በመስከረም ሽምብራና ምስር፥ ጓያም ይዘራል፤ እነዚህም መሬቱ በሆዱ ባስቀረው እርጥበት አድገው ያፈራሉ። ዮሴፍ በግብጽ አገር ለክፉ ዘመን እህሉን በጎተራ አከማቸ፤ ይህ መሬት ግን ጎተራ የሚሠራለት ሳይፈልግ ውሃውን ራሱ ያከማቻል። ከአቃቂ ተነሥቶ እስከ አድአ የሚደርሰው ሜዳ በጤፉ ስሙ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጤፍ የተመቸው ይኸው ጠባይ ለቤት ጠላት ነው። ይህን ማንኛውም መሐንዲስ ያውቀዋል። ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኰማተር የሚኖር አፈር በላዩ የቆመውን ነገር ኹሉ ያነሣል፥ ይጥላል፤ ግድግዳው ከማእዘኑ ይሰነጠቃል፥ መዝጊያው አልገጥም ይላል፥ መንገዱም ይጐብጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ ሠሪ ጥቁሩን አፈር በጥልቅ ቈፍሮ ያስወጣል፥ በምትኩም ከሌላ ቦታ ገረጋንቲ በመኪና አስጭኖ አምጥቶ ይሞላል፥ ይጠቀጥቃል። ከዚህ እንደሚታየው መንግሥት በጥቁር መሬት ላይ ቤት ሲሠራ አንድ ጊዜ ለገበሬው ካሳ ይከፍላል፤ ሁለተኛ የገዛውን አፈር አውጥቶ ለመጣል ይከፍላል፤ ሦስተኛ ሌላ አፈር ለማምጣት ይከፍላል። ቀይና ድንጋያማ የሆነው ከፍታ ቦታ የራሱ ወጪ እንዳለው አንክድም፤ መንገዱና የውሃው ቧንቧ ሽቅብ መውጣት ይፈልጋሉና። ይሁን እንጂ የከፍታው ወጪ ቤት ያስገኛል እንጂ እንጀራ አያሳጣም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፥ መንግሥትና ወዳጆቹ ይህን መሬት ለማወቅ ያወጡት ገንዘብና ዕድሜ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ጥቂት ርቆ በቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 ተቋቁሞ የጤፍን ዘር ሲመርጥና ሲያዳቅል ኖሯል፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው ነጭ ጤፍ የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። ዘሩ አሁን በብዙ አውራጃ ይታወቃል። ሁለት ባሕላዊ ማረሻ ተጣምሮ መሬቱን በሰፊ መደብ እንዲከፍል፥ ውሃውም በቦዩ እንዲወርድ የሚያደርገው መሣሪያ የተፈለሰፈው ለዚሁ ለጥቁር መሬት ነው። ይህም ከባዶ የመጣ ዐሳብ አልነበረም፤ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ ያለ ሕዝብ፥ ሴቱም ልጁም ሳይቀር፥ መደቡን በእጁ እያነሣ ውሃውን ሲያስወርድ ከጥንት የኖረ ነው፤ ሊቃውንቱ ከዚያ ተምረው በበሬ እንዲሠራ አደረጉት። ባገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ መሬት አለ፤ ብዙው ውሃ ስለሚተኛበት እንደሚገባው አይሠራበትም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ባንድ ቢሮ ጥቁር መሬት እንዴት እንደሚታረስ ሲያስተምሩ፥ በሌላው ቢሮ ያለው መኰንን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ደጅ የሚገኘውን ጥቁር መሬት በሲሚንቶ ሲያስሸፍን፥ ሁለቱም ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ካንድ ግምጃ ቤት ነው።

ስለ ካሳው ጥቂት ብንናገር ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው 455ኛው አዋጅ መሬቱ ለሚወሰድበት ገበሬ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘውን መካከለኛ ገቢ ዐሥር እጥፍ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተተካው በ1161ኛው አዋጅ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ካገኘው ከፍተኛ የሆነው ገቢ በዐሥራ አምስት ተባዝቶ እንዲከፈለው ሆነ። ይህ መሻሻል ነው፤ ለገበሬው የታሰበ መሆኑን እንመሰክራለን። ሒሳቡን ግን በአሮጌው መለኪያ እናስበው። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ነው። ባለፉት ዓመታት እንደ ታየው አንድ ሄክታር በመካከለኛ ቍጥር 18 ኩንታል ያህል ጤፍ ሲሰጥ፥ ጋሻው በዓመት 720 ኩንታል ያገባል። አንድ ሰው በዓመት ኩንታል ተኩል ቢበላ ብለን ብንገምት፥ ይህ የ480 ሰው ቀለብ ነው። ካሳው ለዐሥራ አምስት ዓመት ነው፤ በዐሥራ ስድስተኛው ዓመት እነዚያ 480 ሰዎች ይራባሉ ወይስ አይራቡም ብሎ የሚጠይቅ አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ የለም። ገበሬው ለጠፋበት መከር ይከፈለዋል፤ ከተማው ለጠፋበት ጤፍ ግን ማንም አይከፍለውም፤ ከፋዩ ራሱ ገበያ ወጥቶ በየኩንታሉ ዋጋ ላይ ነው።

ገበሬውም ቢሆን ብሩን ተቀበለ ማለት ኑሮውን ተቀበለ ማለት አይደለም። በከተማችን ዙሪያ መሬታቸው ከተወሰደባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ዘበኛና የቀን ሠራተኛ እንደ ሆኑ ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ጽፈዋል። ሕጉ ምትክ መሬት ሲገኝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ዳሩ ግን በከተማ ዳር ምትክ መሬት ከወዴት ይገኛል? ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የናቡቴን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው መጨረሻው ነው፤ መጀመሪያው ግን ተረስቷል። አክዓብ በመጀመሪያ የጠየቀው በጉልበት አልነበረም፤ የተሻለ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን ብር ምረጥ ብሎ ነበር። ያም ጥያቄ ናቡቴን ደስ አላሰኘውም፤ ያባቶቹ ርስት ነበርና።

ይህን ስንጽፍ ቤት አያስፈልግም ማለታችን እንዳይደለ አንባቢ ይረዳልን። በቱሉ ዲምቱ ፎቆች ውስጥ የገባው ሰው አብዛኛው ቤተ መንግሥት የለመደ አይደለም፤ ከትንሽ ደመወዙ እየቈጠበ ዕጣ እስኪወጣለት ብዙ ዓመት የጠበቀ የመንግሥት ሠራተኛ፥ አስተማሪ፥ ነጋዴ ነው። ልጆቹን ከዝናብ ያዳነበትን ጣሪያ አንነቅፍበትም። የተሠራውም ተሠርቷል፤ ማንም ሊያፈርሰው አይገባም። የእኛ ነገር ገና ስላልተሠራበት መሬት ነው።

ግብጾች ይህ ችግር ከእኛ በፊት ደርሶባቸዋል። ከዐባይ ዳር ያለው የእርሻ መሬታቸው ጥቂት ስለ ሆነ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1983 ባወጡት ሕግ በእርሻ መሬት ላይ ቤት መሥራትንና ጥቁሩን አፈር ገፎ መሸጥን ከለከሉ፤ አዳዲሶቹንም ከተሞች ወደ አሸዋው ወሰዱ፤ የረመዳን ዐሥረኛው ቀን ብለው የሰየሙት ከተማ ከነዚህ አንዱ ነው። ሕጉ በብዙ ቦታ እንደ ተጣሰ እናውቃለን፤ ቢሆንም በሕጉ ምክንያት የተጣሰው ነገር ጥፋት ተብሎ ይጻፋል፥ በእኛ ዘንድ ግን ልማት ተብሎ ይጻፋል። ደግሞስ እነርሱ እንዲህ የሚሣሡለት አፈር በዐባይ ተጠርጎ ከእኛ ተራራ የወረደ አይደለምን?

ባገራችንም ሕግ ጨርሶ የለም አንልም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው 456ኛው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሲወጣ የአፈሩ ዓይነት እንዲታይ ያዝዝ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በ1324ኛው አዋጅ ተተክቷል። ነገር ግን ይህ ለገጠር ነው። መሬቱ በከተማ ክልል ውስጥ ነው የተባለ ዕለት ጕዳዩ ወደ ከተማ ቦታ ሊዝ ሕግ ይሻገራል፥ በዚያም የሚታየው ስፋቱ፥ ቦታውና ዋጋው ነው። እንደ ቱሉ ዲምቱ ያለ ዳርቻ በሁለቱ ሕጎች መካከል ወድቆ፥ ገጠር ሳለ የነበረው ጠባቂ ትቶት ሲሄድ የከተማው ጠባቂ ገና አልደረሰለትም።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖች የምናሳስበው ይህን ነው። መጀመሪያ፥ ለቤትም ሆነ ለፋብሪካ ወይም ለመንገድ የሚሰጥ የእርሻ መሬት ኹሉ ከመሰጠቱ በፊት የአፈር ዐዋቂ መርምሮት፥ ጥቁር ነው ወይስ ቀይ ብሎ ፈርሞ ያስረክብ፤ ቀይ መሬት በአቅራቢያ ሳለ ጥቁሩ አይነካ። ግድ ሆኖ ጥቁሩ የተነካ እንደ ሆነ ደግሞ፥ መሬቱን የወሰደው ክፍል ከገበሬው ካሳ ሌላ፥ በዚያው ልክ ውሃ የተኛበትን ሌላ ጥቁር መሬት ለማጠንፈፍ የሚበቃ ገንዘብ ለግብርና ሚኒስቴር ይክፈል። ጋሻ ከወሰደ የጋሻ፥ ግማሽ ከወሰደ የግማሽ። መሣሪያው ተፈልስፏል፥ ሊቃውንቱም አሉ፤ በሰሜን ሸዋ ከፍታዎችም ይህን የሚጠብቅ መሬት ብዙ ነው። ይህ ወጪ የሚከብድ ለሚመስለው ሰው፥ ባንድ የቤት ሠፈር ውስጥ ተቈፍሮ የተጣለውን አፈርና ተጭኖ የመጣውን ገረጋንቲ የጭነት ሒሳብ አስቀርቦ ይመልከት። ገንዘቡም ከሌላ ቦታ አይለመንም፤ መሬቱ ራሱ ከሚያመጣው ከሊዙ ገቢ ይገኛል።

ጊዜው ግን ሰፊ አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው ቦታ ታላቅ ያየር ማረፊያ እንዲሠራ ተወስኗል፥ ለዲዛይኑም ሥራ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ሳይሆን በ2024 ውል ተፈርሟል፤ ይህን ዓመት ለይተን የጠቀስነው መንገዱ ከተከፈተ ዐሥር ዓመት ቢያልፍ የከተማው እግር ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ እስከዚያ መድረሱን ለማሳየት ነው። በዚህ በሁለቱ መካከል፥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፥ ዛሬም በሐምሌ ጤፍ በመስከረም ሽምብራ የሚዘራበት ሜዳ አለ። አፈሩን መርምሮ በካርታ ላይ ጥቁሩንና ቀዩን መለየት ለጥቂት ሰዎች የጥቂት ወራት ሥራ ነው፤ ከሚመጣው ክረምት በፊትም ሊጀመር ይቻላል።