የተዘጋው መንገድ በእኔ ላይ አይቆጠርብኝ

ጉዳዩ፦ ያቋረጥኩት የትምህርት ጊዜ እንዲታሰብልኝ ስለመጠየቅ

ለሚመለከታችሁ የትምህርትና የሥራ ኃላፊዎች

እኔ አመልካች ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኜ 15 ዓመት ያገለገልኩ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ሦስት ጊዜ ተመላልሼ «ሌላ ቀን ነይ» ከተባልኩ በኋላ ስለሆነ፣ ቃሌ ቢረዝምባችሁ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ኮሌጁንም መሥሪያ ቤቱንም በስም አልጠራም። ማንንም ለማሳጣት አልመጣሁም፤ የሚገባኝን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ ከአካባቢው የወጡ፣ የሕዝቡን ጓዳ የሚያውቁ እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። እኔም 10ኛ ክፍል ጨርሼ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኜ፣ ከተወለድኩበት ብዙ ሳልርቅ ተመደብኩ። በኋላ ደረጃ 4 ተምሬ የብቃት ምዘናውን አለፍኩ። ሥራው ግን ከሥልጠናችን እየቀደመ ሄደ። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት አስቆፍሩ፣ እጅ መታጠብ አስተምሩ ተባልን። ቀጥሎ ወባ መርምሩ፣ ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አክሙ፣ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ቅበሩ ተባልን። ሁሉንም እሺ ብለን ሠርተናል። ደባርቅ ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ እኛ ቆላው ውስጥ የወባ ደም ስንወስድ እንውላለን። የክትባት ሣጥኑን በትከሻዬ ይዤ፣ በረዶው ሳይሟሟ ለመድረስ የሮጥኩበትን ዳገት ጉልበቴ ያውቀዋል።

ትምህርት እንድጀምር ያስወሰነኝ አንድ ሌሊት ነው። ወልዳ ደም አልቆም ያላትን እናት በቃሬዛ ይዘን ሊማሊሞን ስንወጣ አነጋን። ጉሙ ወርዶ ዓይን አያሳይም ነበር፤ የጭነት መኪና መጥቶ እንዳይጨርሰን ከፊት የሚሄደው ልጅ ባትሪ እያበራ ያፏጫል። እኔ ከቃሬዛው ጎን እየሮጥኩ፣ እንደተማርኩት ሆዷን እያሸሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ግን አላውቅም ነበር። ባሏ «ምን ይሻላል እትዬ?» እያለ በየኩርባው ሲጠይቀኝ የምመልስለት አጣሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴትዮዋ ተርፋለች። የነርስነት ዲግሪ ልማር ብዬ የወሰንኩት በዚያው ሳምንት ነው። ደመወዜም እንዲሻሻል ፈልጌያለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ዓመታት እዚያው እርከን ላይ ቆሞ ሦስት ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎንደር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ለቅዳሜና እሁድ ትምህርት ተመዘገብኩ። ለመመዝገቢያ ጊደር ሸጥኩ፤ የወር ክፍያው ከደመወዜ ይወጣ ነበር። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ወደ ደባርቅ እወጣለሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጎንደር እገባለሁ። እሁድ ማታ መመለሻ ካጣሁ ሰኞ በጨለማ እነሳለሁ። በዚያ ዓመት አንድም ሰኞ ከሥራዬ አልቀረሁም፤ የፊርማ መዝገቡ ይመሰክራል። ታናሿ ልጄ ያኔ ጡት አልተወችም ነበር፤ እናቴ ይዛልኝ ክፍል በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የደረሰውን የጸጥታ ችግር ለእናንተ አልነግራችሁም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ እንደገና የተለቀቀውም ወደ አንድ ዓመት ከተጠጋ በኋላ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ኮሌጁ የጽሑፍ ትምህርቱን በቴሌግራም ለቅቄያለሁ አለ። እኛ ጋ ኢንተርኔት ቀርቶ ስልክ የሚሠራበት ቀን ይቆጠር ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሬጅስትራር ስቀርብ አንዲት ወረቀት ተሰጠችኝ። ስሜ በእስክሪብቶ ተሞልቶ፣ ከሥሩ «ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠች» ይላል። ሦስቱ ትምህርቶች ኤፍ ሆነዋል፤ የከፈልኩት ተቃጥሏል፤ እንደ አዲስ ከፍለሽ ድገሚ ተባልኩ።

ያችን ወረቀት ከክትባት መዝገቤ ጋር አስተያይቻታለሁ። ቀረሽ በተባልኩባቸው ቅዳሜዎች በቀበሌዬ ውስጥ ሕፃናት ስከትብ ውዬአለሁ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ቀኑና የተሰጠው ክትባት በእጅ ጽሑፌ አለ። መድኃኒት የሚያመጣ መኪና ባልነበረበት በዚያ ጊዜ ቀበሌውን ጥዬ አልሄድኩም። በቂ ምክንያት ማለት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በመሥሪያ ቤቴ በኩል ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ስመዘገብ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቄ «በግልሽ ከሆነ ተማሪ፣ እኛን አያገባንም» ተብያለሁ። አሁን ብጨርስ እንኳ በግሏ የተማረችው አይያዝላትም፣ መደቡም የለም እንደሚባል ከወዲሁ ተነግሮኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ለሴቶች ያለፈውን በደል የሚያካክስ ድጋፍ ይደረግላቸዋል ብሎ ጽፏል። ያ ቃል እስከ እኛ ቀበሌ መውረድ አለበት ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጅ አዝላ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነው። ያን ጊዜ አስተማሪው ነበር ወደ እሷ የመጣው። ዛሬ እኔ ወደ አስተማሪው 100 ኪሎ ሜትር ልሂድ ብዬ መንገድ ቢዘጋብኝ ጥፋተኛ መባሌ ያንገበግበኛል።

ፈተና ይቅርልኝ አልልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቀንም የማታም፣ የመንግሥትም የግልም ተማሪ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ እንደማይሰጠው አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዙር ከግል ኮሌጆች ተፈትነው ያለፉት ከአምስት አንድ እንደማይሞሉም አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ነው የምማረው። ነርስ ልሁን ያልኩት ሰው እጄ ላይ እንዳይሞት ስለሆነ፣ ሳላውቅ ማለፍን አልሻም።

ስለዚህ በትህትና፣ ግን ሳላወላውል የምጠይቀው ይህን ነው። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ቃል ከማኅደሬ ይፋቅልኝ፤ በጸጥታ ችግር ምክንያት ተብሎ ይታረም። ኤፎቹ ይነሱልኝና ማካካሻ ፈተና ልቀመጥ። ብወድቅ ያኔ እደግማለሁ፤ የከፈልኩት ግን ለቀጣዩ ሴሚስተር ይታሰብልኝ። ደባርቅ ከተማ ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የመውጫ ፈተናዬ ጊዜ ሲደርስ እዚያው እንድፈተን ይመቻችልኝ። መሥሪያ ቤቴም ትምህርቴን አሁኑኑ በጽሑፍ ይወቅልኝ፣ ስጨርስ መደብ ሲወጣ እንደማንኛውም ሠራተኛ ልወዳደር። ይህ ለእኔ ብቻ ተደርጎ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ ከዳባትም ከአዲ አርቃይም በዚያው ሚኒባስ አብረውኝ ይመላለሱ የነበሩ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ይህችኑ ወረቀት ይዘው ቤታቸው ተቀምጠዋል።

የክትባት መዝገቡን ቅጂ፣ የባንክ ደረሰኞቼንና ያችን ወረቀት አያይዣለሁ። ምዝገባው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ መልሱ ከዚያ በፊት በጽሑፍ ይሰጠኝ። ስልኬ ቀበሌ ውስጥ አይሠራም፤ ደብዳቤው ጤና ጣቢያው ቢቀመጥልኝ ማክሰኞ ክትባት ልወስድ ስወጣ እወስደዋለሁ።

አመልካች