ፈቃዱ ለማሽኑ ነው ወይስ ለዓይኑ?

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአገራችን ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዚህም 87.4 በመቶው መከላከል ወይም ማከም በሚቻል ምክንያት የመጣ ነው። ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም። መፍትሔው ቀድሞ መመርመር ብቻ ነው።

ለዚህም ነው አነስተኛ የዓይን መመርመሪያዎች ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሰኮሩን እንውሰድ። እዚያው ጤና ጣቢያ የሚሠራ አስተማማኝ መሣሪያ ካለ፣ ታማሚው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚላከው ዓይኑ ሳይጠፋ ነው። አስተማማኝ ካልሆነስ? "ደህና ነህ" ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይመጣም።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን መዝግቦ የመፍቀድ ሥልጣን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባን በተመለከተ ግን "አሜሪካ የፈቀደችውን እኛ ለምን እንደገና እንመረምራለን?" የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። የአቅም ውስንነት ያለበት ተቋም ሌሎች የሠሩትን ምርመራ ከዜሮ መድገም አይጠበቅበትም።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ ምን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ያለ ሐኪም ንባብ ውጤት የሚሰጠውን አይዲኤክስ-ዲአር የተባለ ሥርዓት ፈቅዷል። መሠረት የሆነው ጥናት በ10 የሕክምና ጣቢያዎች 900 የስኳር ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ፈቃዱም የተሰጠው ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የስኳር ሕሙማን፣ ለአንድ በሽታ ብቻ፣ ከተወሰነ ካሜራ ጋር ነው። ግላኮማን አይፈልግም፤ ትራኮማንም እንዲሁ። ሞራ የጋረደው ዓይን ደግሞ ጥርት ያለ የሬቲና ፎቶ አይሰጥም። ስለዚህ "ተፈቅዷል" የሚለው ቃል ብቻውን ለሰኮሩ ብዙም አይነግራትም።

ሌላው ጉዳይ ከፈቃድ በኋላ የሚመጣው ነው። የዓይን ግፊት የሚለካው ቶኖሜትር ልኬቱ በየጊዜው ካልተፈተሸ ቁጥር መስጠቱን አያቆምም፤ የሚሰጠው ግን የተሳሳተ ቁጥር ነው። የተበላሸ መሣሪያ ይታወቃል፤ የተሳሳተ መሣሪያ ግን ይታመናል።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ የውጭውን ማስረጃ ተቀብሎ ጊዜ ይቆጥብ፤ የተቆጠበውን ጊዜ ደግሞ ሌሎች ሊመልሱለት በማይችሉት ጥያቄዎች ላይ ያውለው። መሣሪያው እዚህ የሚጠቀመው ለማንና ለየትኛው በሽታ ነው? ከአዲስ አበባ ውጭ ማን ይጠግነዋል? ማንስ ልኬቱን ይፈትሻል? በዕርዳታ የሚመጣውም ከእነዚህ ጥያቄዎች ነፃ መሆን የለበትም። ለታማሚው ዓይን በግዢም መጣ በስጦታ ልዩነት የለውምና።