ጤናችን፦ ላሽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም

ፀጉር በድንገት ክብ ሆኖ ሲረግፍ ላሽ እንለዋለን። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ነው። አንዳንዴ እየሰፋ ይሄዳል። ጢምና ቅንድብ ሳይቀር የሚረግፍበት ሰው አለ። ላሽ ወንድና ሴት፣ ልጅና አዋቂ አይለይም። ከ100 ሰዎች 2 ያህሉን በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል።

ታዲያ ምን ያመጣዋል? አንዱ እርግማን ነው ይላል። ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። ሁለቱም አይደለም። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቁት ዘበኞች አሉት። በደማችን ውስጥ እየዞሩ ጀርም ያጠፋሉ። አንዳንዴ ግን ይሳሳታሉ። በጨለማ የመጣውን የቤቱን ልጅ ሌባ መስሎት እንደሚደበድብ ዘበኛ ይሆናሉ። የፀጉሩን ሥር ይመቱታል። ፀጉሩ ይረግፋል። ሥሩ ግን አልሞተም። ስለዚህ እንደገና ሊበቅል ይችላል።

ላሽ ከጀርም ስላልመጣ አይተላለፍም። አብረን ብንበላ፣ አብረን ብንተኛ አይዘንም። ላሽ የያዛትን ልጅ ከትምህርት ማስቀረት፣ ከማዕድ መለየት በደል ነው።

ቆረቆር ግን ሌላ ነው። ቆረቆር ቅርፊት አለው፤ ያሳክካል፤ ፀጉሩን ይሰባብራል። በምላጭ፣ በማበጠሪያና በቆብ ይተላለፋል። በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። የላሽ ቦታ ግን ልሙጥ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ የጤና ባለሙያ ስለሆነ እሱ ይየው።

ትንሽ ላሽ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበቅላል። ሐኪሙ የሚቀባ መድኃኒት ወይም በቦታው ላይ የሚወጋ መርፌ ሊያዝም ይችላል። ብዙ ቦታ ለያዘ ላሽ ደግሞ የተለየ ቅባት አለ። ስሙ ረዘም ይላል፤ ቀስ ብለን እናንብበው፦ ዲ-ፌን-ሲ-ፕሮን። ሩዶልፍ ሃፕል የተባሉ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለዚህ ሕክምና በፈረንጆች 1983 ዓ.ም. ጽፈዋል።

መድኃኒቱ ቆዳውን ሆን ብሎ በመጠኑ ያሳክካል። ሐኪሞች ሥራውን እንዲህ ያስረዱታል፦ ዘበኞቹ ወደ አዲሱ ኮሽታ ዞር ይላሉ፤ የፀጉሩን ሥር ይተዉታል። መጀመሪያ ሰውነት እንዲያውቀው በትንሽ ቦታ ይቀባል። ከ2 ሳምንት በኋላ በጣም ቀጥኖ በየሳምንቱ ይቀባል። ኃይሉን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ቦታው ለ2 ቀን ከፀሐይ ተሸፍኖ ይቆይና ይታጠባል። ፀጉር ብቅ የሚለው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። ለሁሉም ሰው አይሠራም። በቅሎ ተመልሶ የሚረግፍበትም አለ። እርጉዝ ሴት አትቀባውም።

«እሱም የሚያሳክክ ከሆነ እኛስ ነጭ ሽንኩርት ወይም የባትሪ ውኃ ብንቀባ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። አይሆንም! የሐኪሙ በልክ ነው፤ የእኛ ልክ የለውም። የሐኪሙም ቢሆን ልኩ ሲያልፍ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፤ ንፍፊት ያብጣል፤ የቆዳውም መልክ ይለወጣል። ቆዳ ክፉኛ ተቃጥሎ ጠባሳ ከሆነ ደግሞ የፀጉሩ ሥር ይሞታል። ያን ጊዜ ሊበቅል የነበረው ፀጉር ከቶ አይበቅልም።

ይህ ሕክምና የቆዳ ሐኪም ይፈልጋል፤ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። መንገዱ የሚጀምረው ግን ከጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ታይቶ፣ ካስፈለገ ወደ ቆዳ ሐኪም ይላካል። እስከዚያው በሻሽ ወይም በቆብ መሸፈን ይቻላል። ሰውየውን ግን ከሰው አንለየው።

ተወያዩበት፦
1. ላሽና ቆረቆር በምን ይለያያሉ?
2. ላሽን በባትሪ ውኃ ማቃጠል ለምን ይጎዳል?
3. በመንደራችሁ በላሽ ምክንያት ከትምህርት የቀረ ልጅ አለ? ምን ታደርጉለታላችሁ?