ሃርድቶፑን ግዛ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ መጣልኝ። ጠያቂው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ሪያድ ነው ያለው። ሚስቱና ልጆቹ ሐይቅ ከተማ ናቸው፣ እናትና አባቱ ደግሞ አምባሰል፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ገጠር። ብዙ ዓመት ሠርቶ ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው። «ቲቸር፣ ለቤተሰቡ መኪና ልገዛ ነው። ቪ8 ይሻላል ወይስ ሃርድቶፕ? ጓደኞቼ ሃርድቶፕ የኤንጂኦ መኪና ነው እያሉ ይስቁብኛል» አለኝ። ለእሱ መልሼለታለሁ። ግን ካስተማርኳችሁ ውስጥ ስንቶቻችሁ ዐረብ አገርም አዲስ አበባም ሆናችሁ ይህንኑ እንደምታሰሉ ስለማውቅ፣ አስፈቅጄው እዚህም ልጻፈው።

ሐሳቤን ቀድሜ ልንገራችሁ። ሃርድቶፑን ግዙ። እሱ ካልተገኘ ደህና የተያዘ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ። ቪ8ቱን ለባለሥልጣናቱ ተዉላቸው።

ቪ8 መጥፎ መኪና ነው እያልኩ አይደለም። እኛ ቪ8 የምንለው ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2021 የሠራው ላንድክሩዘር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ክብደቱ ከሁለት ተኩል ቶን በላይ፣ ዳገትም ጭቃም የማይበግረው ነው። (በነገራችን ላይ ከእሱ በኋላ የመጣው አዲሱ ላንድክሩዘር ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ሰው ግን ያንንም ቪ8 ይለዋል። ስሙ የሞተር ሳይሆን የሹመት ስም ሆኗል ማለት ነው።) መንገድ ላይ ከሃርድቶፕ ይበልጣል ቢባል አልከራከርም። የእኔ ጥያቄ ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው። ከአስፋልቱ ርቆ፣ በክረምት፣ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ቀጥ ቢል ማን ይፈታዋል?

አገራችሁን ታውቃላችሁ። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ አስፋልት ነው፤ በእሱ ላይ ቪትዝም ይሄዳል። የልጁ እናት ግን አስፋልት ላይ አይደሉም። ከአስፋልቱ ከወጣህ በኋላ ያለው ድንጋይ፣ ጎርፍ የበላው ፈፋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ደግሞ ዋልካ ነው። ቅንጡ መኪና የሚያምርለት በትልቅ ቸርኬና በስስ ጎማ ነው። ያ ስስ ጎማ ሹል ድንጋይ ሲያገኝ ጎኑ ይቀደዳል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ የትኛውም ጎሚስታ አይጠግነውም። ሃርድቶፕ ባለ 16 ቸርኬ ወፍራም ጎማ ነው የሚያደርገው፤ ፒክአፑም የገጠር መኪናውም የሚጠቀምበት ስለሆነ የትም አይጠፋም። ከኋላ ያለው ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሲሰበር ብየዳ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንዱ ቅንጡ መኪና ላይ ያለው የአየር ሞላ ሲተነፍስ ግን መኪናው መሬት ላይ ይተኛና ኮምፒውተር ያለው ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል።

ሞተሩም እንደዚያው ነው። ሃርድቶፑ ላይ በብዛት የምናየው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ፖምፓው በሜካኒክ የሚሠራ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ አይካድም። የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ኖዝል ስለሚረጭ ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ አይችልም። ማደያው ሲደርቅ ከጀሪካን የሚቀዳውን ናፍጣ ንጽሕና የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ኖዝሉ ከሄደ ደግሞ ዋጋውን የገዛ ሰው ጠይቁ፤ እኔ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አገር ቤት መኪና የግል አይደለም። አንተ ለሚስትህና ለልጆችህ ነው የገዛሁት ትላለህ፤ መንደሩ የሚያውቀው ግን «የእገሌ ልጅ መኪና አለ» የሚለውን ነው። ማክሰኞ እህል ወደ ወፍጮ ይጭናል። ቅዳሜ በግ ይጫናል። ለቅሶ ሲሆን አሥር ሰው፣ ሰርግ ሲሆን ድንኳኑ ፖርቶመጋላው ላይ፣ ሴቶቹ ከነድስታቸው ውስጥ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ነው፤ ጎረቤት እስላሙም ክርስቲያኑም ስለሆነ ለግሸን የሚሄዱትን እትዬን አድርስ ይባላል፣ ሐጂም ደሴ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። አይሆንም ማለት የሚችል ልጅ ወሎ ውስጥ አላየሁም። ነጭ ቆዳ ወንበር ያለው መኪና ገዝተህ በጉን የት ልታስቀምጥ ነው? ወይ ወንበሩ ይበላሻል፣ ወይ ቤተሰብህ ከጎረቤት ይጣላል። ሁለተኛው የባሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት የሚመጣው ጥሪ አለ። ምጥ የያዛት ሴት። የወረዳው አምቡላንስ ከመጣ እሰየው፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ከሆነ ወይ መንገዱ ካላስኬደው፣ አራት ጎረምሳ ቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ነው። በየወረዳው ያየናቸው አምቡላንሶች አብዛኞቹ ያው ሃርድቶፕ ናቸው፤ ምክንያቱም የኋላው ረጅም ነው፣ የጎንና ጎን አግዳሚው ይታጠፋል፣ ሰው ይተኛበታል። የሚስቁብህን ጓደኞችህን ይህን ንገራቸው። «የኤንጂኦ መኪና» የሚሉት ኤንጂኦው ስለሚወደው ሳይሆን ሌላው የማይደርስበት ስለሚደርስ ነው የገዛው።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ የደረሰ ጊዜ ሰዉ ወደ ኮምቦልቻ ሲጎርፍ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን የመኪና ስም የጠየቀ አልነበረም። ስንት ሰው ይችላል ብቻ ነበር።

የሚገርመው ቅንጦቱ ራሱ የተወለደው ከሥራ መኪና ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ለእንግሊዝ ገበሬ ታስቦ ነው። በ1970 የመጣው የመጀመሪያው ሬንጅሮቨር እንኳ ወንበሩ በውሃ የሚታጠብ ፕላስቲክ ነበር፤ ቆዳውና እንጨቱ በኋላ የተጨመረ ነው። ትልቁ ሌክሰስም ከስር ላንድክሩዘር ነው። ሃርድቶፑ ግን ከ1984 ጀምሮ መልኩን እምብዛም ሳይቀይር እስከ ዛሬ ይሠራል። ማንም አላሳመረውም፤ ስለዚህም መለዋወጫው አይጠፋም።

ሃርድቶፕ እንከን የለውም ልላችሁ አይደለም። የጎን አግዳሚው ላይ ብዙውን ጊዜ የደህንነት ቀበቶ የለም፤ ፍሬን ሲያዝ ልጅ ተስፈንጥሮ ይወድቃል። በዚህ በኩል ቪ8 በኤርባጉም በፍሬኑም ይበልጣል፣ ጨዋታ የለውም። ወገቧን የሚያማት እናት ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጣ ደሴ ድረስ መሄድ ስቃይ ነው። ለዚህ ነው ለተማሪዬ አምስት በር ያለውን፣ የመሐል ወንበሩ ወደ ፊት የሚያየውን ሃርድቶፕ ፈልግ ያልኩት። ሰው ማስተኛቱ እንደ ረጅሙ አይመችም፤ የኋላው ሲታጠፍ ግን ያስተኛል። ልጆቹ በመሐሉ ወንበር በቀበቶ ይታሰሩ። ባለቤቱ መንጃ ፈቃድ እንዳላት ስሰማ ደግሞ «እሷን ጠይቀሃታል?» አልኩት። ዝም አለ። የምትነዳው እሷ፣ ጋራዥ የምትቆመው እሷ፣ አንተ ሪያድ ሆነህ ነው የምትመርጠው? በማግሥቱ ደውሎ «ትንሹን ነው የምፈልገው አለችኝ፣ ቪ8 ማዞር አልችልም ሐይቅ ገበያ ውስጥ» አለኝ።

የጸጥታውም ነገር አለ፤ ብዙ አልልም። ቅንጡ መኪና ዓይን ይስባል። በዚህ ጊዜ ዓይን መሳብ ምን እንደሆነ መንገድ የምትወጡ ታውቃላችሁ። እውነቱን ለመናገር ሃርድቶፕና ፒክአፕም በየበረሃው የሚፈለጉ ናቸው፣ እነሱም አይተርፉም። ቢያንስ ግን የቤቱን ገንዘብ መጠን ለአላፊ አግዳሚ አያውጁም።

«አዲስ አስመጣለሁ» ለምትሉ፣ ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ቀድሞም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ ማስገባቱን የማያዋጣ አድርጎት ነበር። ስለዚህ የሚገዛው አገር ውስጥ ያለው ነው። ኤሌክትሪኩ ለአዲስ አበባ ልጅ ጥሩ ነው፣ ሆዱ ዝቅ ላለ መኪና ግን የአምባሰል ድንጋይ አዛኝ አይደለም፤ መብራትም ሲፈልግ ነው የሚመጣው።

ሃርድቶፕም ርካሽ አይደለም። ቢሆንም ከቪ8 ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ተማሪዬን በእሱ ልዩነት ለአባትህ የመስኖ ፓምፕ፣ ለታናሽ እህትህ ትምህርት አልኩት። «ሰው ምን ይላል?» ነው መልሱ። ሰው የሚለውን እኔ ልንገርህ፦ ቪ8 ከገዛህ ለሁለት ወር ያወራልሃል። ከዚያ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲያየው፣ መለዋወጫው ጠፍቶበት ነው ብሎ ሌላ ሁለት ወር ያወራብሃል።

ለመግዛት የምትሄዱ፣ ሻንሲውን ከስር ተኝታችሁ እዩ፤ ባሌስትራው የሚታሰርበት አካባቢ የተበየደ ወይ የተሰነጠቀ ከሆነ ተዉት። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሡት፤ ሲሞቅ ሁሉም ሞተር ደህና ነው። ረዳት ማርሹን አስገብታችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት፤ ብዙዎቹ ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ የተጣበቀ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አስተያዩ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። መካኒኩ እናንተ የምታውቁት ይሁን፣ ሻጩ ያመጣው አይሁን።

ልጁ በክረምቱ ይመጣል። ደሴም ኮምቦልቻም ደህና የተያዘ አምስት በር ሃርድቶፕ የሚሸጥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደላላ አትላኩብኝ።