በ92 ዲግሪ የፈላ ውኃ ምን አጠፋ?



በአዲስ አበባ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናትና በላይዋ ያለው አየር ቀለል ያለ ነው፤ ግፊቱም ስላነሰ ውኃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ይህ የማንም አስተያየት አይደለም። ድስት፣ ምድጃና ደኅና ቴርሞሜትር ያለው ሁሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ታዲያ በፊዚክስ መግቢያ ትምህርት ቤተ ሙከራ ይህ 92 እንደ ወንጀለኛ የሚታየው ስለ ምንድን ነው? ተማሪው ውኃ ያፈላል፤ ቴርሞሜትሩን ያነባል፤ 92 ብሎ ይጽፋል። ከዚያም «ትክክለኛው» መልስ 100 ነውና የ8 በመቶ ስሕተት ሠርተሃል ይባላል፤ የስሕተቱንም ምክንያት በሪፖርቱ መጨረሻ እንዲዘረዝር ይታዘዛል። እሱም ይዘረዝራል፦ ቴርሞሜትሩ አሮጌ ነው፤ ዓይኔ አጥርቶ አላነበበም፤ ውኃው ንጹሕ አልነበረም። ብልጡ ተማሪ ደግሞ ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ 99 ብሎ ይጽፍና ሙሉ ማርክ ይዞ ይወጣል። እኔ የምለው፣ በዚያች ከሰዓት በኋላ ስለ ሙቀት የተማርነው ምንም የለም፤ የተማርነው ዓይናችን ያየውን በመጽሐፍ ፊት መካድን ነው።

በመጽሐፉ ላይ ግን ፍርድ አናጓድል። መጽሐፉ «በአንድ አትሞስፌር ግፊት» የምትል ሐረግ አስገብቷል። ያችን ሐረግ እንደ ጌጥ ቆጥረን የምንዘልላት እኛ ነን፤ አስተማሪውም ተማሪውም። አንደርስ ሴልሺየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ ውኃ የሚፈላበት ደረጃ ከአየሩ ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አስታውቆ ነበር። ዲግሪው በስሙ የሚጠራው ሰው ያወቀውን እኛ ከፍታ ላይ እየኖርን መርሳታችን አያስገርምምን?

የባሰም አለ። ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በአገራችን ሲዘዋወር የተራሮቻችንን ከፍታ ከሚለካባቸው ዘዴዎች አንዱ ውኃ አፍልቶ የፈላበትን ዲግሪ ማንበብ ነበር። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ውኃው የሚፈላበት ደረጃ አንድ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላልና። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 85 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ እንግዳው ሰው በገዛ ውኃችን ተራራችንን ለክቶበት ሄደ፤ እኛ ያንኑ ቁጥር «ስሕተት በመቶኛ» ብለን ከሪፖርቱ ግርጌ እንቀብረዋለን።

ነገሩ የጥቂት ማርክ ጉዳይ ቢሆን ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ቴርሞሜትር እንዴት እንደሚቀረጽ እናስብ። ምልክት የሌለበትን ቴርሞሜትር በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትተን 0 እንላለን፤ ከሚፈላ ውኃ በሚወጣ እንፋሎት ውስጥ አድርገን 100 እንላለን፤ መካከሉን መቶ ቦታ እንከፍላለን። በቃላችን ያጠናነው ይህ ነው። አሁን ያለ ግፊት ማስተካከያ ይህንኑ አዲስ አበባ ላይ ብናደርገው፣ 92 የሆነውን ቦታ 100 ብለን ሰየምነው ማለት ነው። በዚያ ቴርሞሜትር የጤነኛ ሰው 37 ዲግሪ 40 ሆኖ ይነበባል። ከተማው ሁሉ ወባ እንደ ያዘው ሊቆጠር ነው! ነገ ከመካከላችን ሐኪም የሚሆን፣ ወተት የሚያፈላ ፋብሪካ የሚቆጣጠር፣ የሕክምና መሣሪያ ከጀርም የሚያጠራ ይወጣል። ለእነዚህ ስምንት ዲግሪ ቀልድ አይደለም።

«ዋናው መርሁ ነው፤ ቁጥሩ ጥቃቅን ነገር ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን የጠፋው መርሁ ነው እላለሁ። በሙቀትና በሙቀት ደረጃ መካከል ያለውን ልዩነት በፈተና ላይ ሁላችንም አሳምረን እንጽፋለን። ድስቱ ከፈላ በኋላ ግን እንጨት እንጨምራለን፤ ምስሩ ቶሎ እንዲበስል! አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ እስከ 92 ለማድረስ 300 ኪሎጁል ያህል ይበቃል። ያንኑ ውኃ አፍልቶ ወደ እንፋሎት ለመጨረስ ግን 2,280 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ሰባት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው። ክዳኑ ያልታፈነ ድስት ከፈላ በኋላ የሚጨመርለት እሳት ይህን እንፋሎት ያበዛል እንጂ ውኃውን በአንድ ዲግሪ እንኳ አያሞቀውም። ምስሩ የሚዘገየው ውኃው ከ92 ስለማያልፍ ነው፤ ፍላቱን ጠብቆ የሚያቆይ ለስላሳ እሳት ይበቃዋል። ከእንጦጦ ቁልቁል የባሕር ዛፍ ሸክም በጀርባቸው ለሚያወርዱ እናቶች ይህች አንዲት ትምህርት ምን ያህል ሸክም ታቀል እንደ ነበር ያሰበ አለን? ለእኛ ግን ጥያቄው የሚመጣው ስለ ናስ ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፉ በፈላ ውኃ፣ ሌላው ጫፉ በበረዶ ውስጥ።

የናሱን ዘንግ አልጠላሁትም። ሒሳቡ ቀላልና ንጹሕ ነው። ግን ዘንጉን ከጨረስን በኋላ ወደ ምጣዱ ብንሄድ ምን አለበት? ሸክላ ክፉ ሙቀት አስተላላፊ ሆኖ ሳለ እንጀራ በሸክላ የሚጋገረው ስለ ምንድን ነው? የብረት ምጣድ በዚያው ደረጃ ቢግል ሙቀቱን ባንድ ጊዜ ለሊጡ ያራግፍና ያሳርረዋል፤ ሸክላው ግን ቀስ እያለ ይሰጣል። ከላይ ደግሞ እንፋሎቱ በአክንባሎው ሥር ይታፈንና የእንጀራውን ፊት ያበስለዋል። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚበላው፣ ሽቦው ያንን ወፍራም ሸክላ ማሞቅ ስላለበትና ከሥሩ የሚያመልጠውም ሙቀት ስላለ ነው። ምን ያህሉ ያመልጣል? ይህ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከናሱ ዘንግ የከበደ ጥያቄ ነው። እንግዲህ «የአገር ቤት ምሳሌ የትምህርቱን ደረጃ ያወርዳል» የሚሉን ወገኖች እስቲ ሠርተው ያሳዩን።

ስለ መለጠጥም ያው ነው፦ የባቡር ሐዲድ፣ የብረት ድልድይ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት «ጣ! ጣ!» የሚለውን የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ሁላችንም ሰምተናል። ሦስት ሜትር ቆርቆሮ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ ማታ ተመልሶ ያጥራል። ሚስማሩ በየዓመቱ እየላላ በክረምት የሚያፈስስብን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በቤተ ሙከራው በር አጠገብ ባሮሜትር ይሰቀልና የዕለቱ ግፊት በሰሌዳ ይጻፍ። ሪፖርት የሚያርሙ መምህሮቻችንም የተማሪውን ንባብ ከ100 ጋር ሳይሆን በዚያ ግፊት ሊሆን ከሚገባው ጋር ያስተያዩ፤ እንዲያውም 99 ብሎ የመጣውን ጠርተው ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ ተማሪዎች ጥቂት ቴርሞሜትሮች በፊርማ ይሰጡ። ደብረ ብርሃን የሚሄደው 90 ተኩል ገደማ፣ ጅማና ባሕር ዳር የሚሄዱት 94 ገደማ፣ ድሬዳዋ የሚወርደው 96 ገደማ ማግኘት ይገባቸዋል። ሌላ ቁጥር ያገኘ ካለም ያገኘውን እንደ ተነበበ፣ ሳያርመው ይዞ ይምጣ። ዝርዝሩን ከነቦታውና ከነቀኑ በዚሁ ጋዜጣችን እናወጣዋለን።