ማርቪን ወደ ጠፈር፣ ወሎዬው ወደ ጃራ!

መርሳ ላይ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካለች አንዲት ጭማቂ ቤት ቁጭ ብዬ ማንጎ እጠጣለሁ። የሀብሩን ማንጎ የማያውቅ ካለ መጥቶ ይቅመስና ይፍረድ፤ ወሬዬ ግን ስለ ማንጎ አይደለም። አጠገቤ አራት የኮሌጅ ተማሪዎች አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ሳቅ በጠፋበት ዘመን የሚስቅ ሰው ታይቶ አይታለፍምና «እስቲ ለኛም አካፍሉን» አልኳቸው።

«ይምጡ ጋሼ፣ ስለኛ የተሠራ ካርቱን ነው!» አለኝ አንደኛው። (ጋሼ መባል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ምን ይደረግ!)

አየሁት። መጀመሪያ ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከልቤ ሳቅኩ። ኋላ ግን ማንጎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ፊልሙ ሳውዝ ፓርክ ይባላል። ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፈጠሩት፣ ከነሐሴ 1989 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሜዲ ሴንትራል በተባለ ጣቢያ የታየ የካርቱን ቀልድ ነው፤ አፉ ግን የልጅ አፍ አይደለም። ኅዳር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. በታየው ክፍል አራት የአሜሪካ ሕፃናት በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ አይተው ገንዘብ ይልካሉ። አዝነው እንዳይመስላችሁ! ለሚለግስ ሰው የእጅ ሰዓት በነጻ ይሰጣል ስለተባለ ነው። በሰዓቱ ፋንታ በስህተት አንድ አጥንቱ የወጣ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ይደርሳቸዋል። ስም ያወጡለታል፦ «ስታርቪን ማርቪን»። በእኛ ቋንቋ «ርሃብተኛው ማርቪን» ማለት ነው። ስህተቱን እናርማለን ብለው የመጡት ሰዎች ደግሞ ልጁን ትተው ካርትማን የተባለውን ወፍራም አሜሪካዊ አፍሰው ኢትዮጵያ ላይ ይጥሉታል።

ልጆቹ የሚያዩት ግን ሁለተኛውን ነበር። ኅዳር 7 ቀን 1992 ዓ.ም. የታየው ክፍል ማርቪንን ጠፈር ያወጣዋል። ልጁ ከሌላ ዓለም የመጣች መንኮራኩር ያገኛል፣ ይነዳታል፣ አሜሪካዊ ጓደኞቹን ይጭናል፣ ማርክላር የምትባል ፕላኔት ይደርሳል። የዚያ አገር ፍጡራን ሰውንም፣ ዕቃንም፣ አገርንም፣ ሁሉንም ነገር የሚጠሩት «ማርክላር» በሚል አንድ ቃል ነው። ከኋላው የአሜሪካ የስለላ ድርጅትና መጽሐፍ ቅዱስ ካላመናችሁ እህል የለም የሚሉ ሚሲዮናውያን ይከተሉታል። መጨረሻ ላይ ካይል የተባለው ልጅ «ማርክላር»ን እየደጋገመ ንግግር ያደርጋል፤ የፕላኔቷ ሰዎችም ይስማማሉ፤ የተራቡት ኢትዮጵያውያን ማርክላር ላይ ይሰፍራሉ። አለቀ።

አድናቂው የሚወደው ይህንን ንግግር ነው። በቃሉ ይይዘዋል። አፕል የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ማሽኖቹን ወደ ኢንቴል ለማዛወር በድብቅ ሲሠራበት የነበረው ፕሮጀክት እንኳ የምስጢር ስሙ «ማርክላር» እንደነበር በ2002 እ.ኤ.አ. ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ኩባንያው ነገሩን በይፋ የተናገረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እዩት እንግዲህ! የወሎ ርሃብተኛ የሰፈረባት ፕላኔት ስም የኮምፒውተር ጥበበኞች ጓዳ ድረስ ገባ። የርሃብተኛው አገር ስም ግን የትም አልገባም።

«ጋሼ፣ አይናደዱ» አለኝ የስልኩ ባለቤት፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ። «እሱ እኮ እኛን አይደለም የሚሰድበው። እነሱን ነው። ፈረንጁን ነው ያዋረደው ወላሂ!»

ይህ የመርሳው ልጅ ያመጣው አሳብ አይደለም፤ የፊልሙ አድናቂዎች ሁሉ መከላከያ ነው። ግማሹ ደግሞ እውነት ነው፤ አልክድም። በመጀመሪያው ክፍል ሳሊ ስትራዘርስ የምትባለው ተዋናይት እርዳታውን ለብቻዋ ታቅፋ ስትበላ ትታያለች። ሴትዮዋ በእውነቱ ዓለም ለአንድ የሕፃናት መርጃ ድርጅት በቴሌቪዥን እየወጣች ገንዘብ ትለምን ነበር። በልቅሶ የሚለመን ሳንቲም መሐል ላይ ማን ይበላዋል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛም ጠይቀናል። እንዲያውም ካርቱኑ ከወጣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የሚሰጡትን እህል በመላ አገሪቱ ያቆሙት ለምን ነበር? እህሉ ከተረጂው አፍ እየተነጠቀ ወደ ሌላ ይሄዳል ብለው አይደለም? ወደ ስድስት ወር ገደማ ቆየ። የተቀጣው ማን ነው? የሰረቀው ነው ወይስ የተሰረቀበት?

ግን ጎበዝ፣ እስቲ ማርቪንን ራሱን እንየው። ልጁ ቋንቋ የለውም። ምላሱን እያጮኸ «ጠቅ ጠቅ» ይላል። እንደዚያ ያለ የምላስ ድምፅ ያላቸው ቋንቋዎች በዋነኛነት ደቡባዊ አፍሪካ የሚነገሩ ናቸው። ወሎ ውስጥ ማነው እንደዚያ የሚናገር? ባለ ፊደል ሕዝብ፣ መንዙማና ቅኔ ያለው ሕዝብ፣ «ጠቅ ጠቅ» ተብሎ ተሳለ። አገሩም አሸዋ ብቻ ነው። ደጋ የለ፣ ማሽላ የለ፣ ጤፍ የለ፣ ማንጎ የለ! «እነሱን ነው የሚሰድበው» ለሚለኝ አድናቂ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፈረንጁን ለመስደብ የኔን ልጅ ምላስ መቁረጥ ምን አመጣው? ተሳዳቢው ስምና ቋንቋ አለው፤ የተሰደበው ፈረንጅም ስምና ቋንቋ አለው። መሐል ላይ እንደ ዕቃ የተቀመጠው ማነው?

ዋሽንግተን አካባቢ ያደገ የአክስቴ ልጅ አለኝ። ያን ጊዜ ተማሪ ነበር። ካርቱኑ በታየ ማግስት ክፍል ሲገባ አዲስ ስም ወጥቶለት ጠበቀው፤ የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳውን መጸዳጃ ቤት ተደብቆ በላ። ሲበላ ቢያዩት ይስቃሉ፣ ሳይበላ ቢያዩትም ይስቃሉ። እንግዲህ ቀልዱ ማንን እንደመታ እሱን ጠይቁት፤ አድናቂውን አትጠይቁ።

ፊልሙን በብሉቱዝ ተቀብዬ እዚያው መርሳ ለምትኖር አክስቴ አሳየኋት። በ77 ርሃብ ኮረም ድረስ በእግሯ ሄዳ ተርፋ የተመለሰች ናት። መነጽሯን አድርጋ ረጋ ብላ አየች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «የዚህ ልጅ እናት የታለች?» አለችኝ። ካርቱን ነው እትዬ፣ ሥዕል ነው አልኳት። «ይሁና! ሥዕልም ቢሆን እናት የለውም እንዴ?» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ፈረንጅን መራገም ቀላል ነው። የወሎን ርሃብ በቴሌቪዥን መነገጃ ያደረገው ሳውዝ ፓርክ ብቻ ነው እንዴ? በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ርሃብ» የሚለውን ፊልሙን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ፤ የጃንሆይ ሹማምንት ሲደብቁት የከረሙት ጉድ ተጋለጠ። ጥሩ! ከዚያስ? መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ቆራርጦ፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል አስገብቶበት፣ ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። የሞተው ወሎዬ የሥልጣን ማስታወቂያ ሆነ። ያው ደርግ ከ10 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ኢሠፓን ሲመሠርትና የአብዮት በዓሉን ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር፤ የመንግሥት ቴሌቪዥን ግን ሰልፍ ያሳያል። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የቀረጹት በቢቢሲ ሲወጣ ዓለም አለቀሰ። ዘፈን ተዘፈነ፣ ሐምሌ 1977 ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። የካርቱኑ ሰዎች የሳቁበት ልቅሶ ይሄው ነው። ያለቀሰውም የሳቀውም ካሜራ ይዞ ሄደ፤ እኛ እዚሁ ነን።

ካሜራ ያልመጣበትስ? ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ እስከ ታኅሣሥ 2014 ስትቆይ ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ባንክ የለ። ያን ጊዜ የተራበ ሰው ካርቱንም ልቅሶም አልደረሰውም።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የፊልሙ መጨረሻ ነው። አድናቂዎቹ አንድም ቀን አንስተውት አልሰማሁም። ርሃብተኛውን ምን እናድርገው? ጭነን ሌላ ፕላኔት እናስፍረው! ለአሜሪካዊው ይህ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ለወሎዬው እኮ ታሪክ ነው! በ1977 እና በ78 ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላና መተከል ጫነ። በአውቶቡስ ጫነ፣ በአንቶኖቭ ጫነ። ደረቅ አገር የለመደ ገበሬ በዝናብና በወባ አገር ወረደ። የአካባቢው ነዋሪ ይስማማ አይስማማ ማን ጠየቀው? ካርቱኑ ውስጥ እንኳ የማርክላር ሰዎች ተጠይቀዋል!

ካርቱኑ እዚያ ላይ «አለቀ» ይላል፤ የኛ ግን ቀጠለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ እርዳታው ቆሞ በነበረበት ጊዜ፣ ሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ሄጄ ነበር። ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች በላስቲክና በቆርቆሮ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ሰው አነጋገርኩ። በ77 የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ከዚሁ ከሀብሩ ተጭኖ ሄደ። ወለጋ አደገ፣ አገባ፣ ቡና ተከለ፣ ሰባት ወለደ። በ2014 ጎረቤቱ ሲገደል ቡናውን ጥሎ ወጣ። «ስንሄድ ‹ወሎዬ ርሃብተኛ መጣ› አሉን» አለኝ። «ስንመለስ እዚህ ደግሞ ‹ወለጋዎቹ› ይሉናል። የቱ ነን?» መልስ አልነበረኝም። አብሽር ብዬው መጣሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ይኼ ሰው ማርቪን ነው። 37 ዓመት ማርክላር ኖሮ የተመለሰ ማርቪን!

የማርክላር ሰዎች ለሁሉም ነገር አንድ ቃል አላቸው፤ የኛ ሹማምንት ደግሞ ለአንድ ነገር መቶ ቃል አላቸው። «የዝናብ መዛባት»፣ «የምግብ ዋስትና ክፍተት»፣ «ድጋፍ የሚሹ ወገኖች»… ርሃብ ከሚለው በቀር ሁሉንም ይናገራሉ። ጎዴ ላይ ሕፃናት በሚረግፉበት በ1992 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከኤርትራ ጋር ይዋጋ ነበር። የካቲት 2015 ላይ የዛሬው መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ብሎ አጨበጨበ፤ በዚያው ዓመት ተመድ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ይሻል ይል ነበር። በ2016 በትግራይና በሰሜን አማራ ድርቁ ሲከፋ ደግሞ ከ77 ጋር አታወዳድሩ ተባልን። ለምን አናወዳድር? ያየነው እኛ! የቀበርነው እኛ! የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ፤ አሁን «ፈረንጁ በላው» ማለትም ብዙ አያስኬድም።

እና ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ «ሳውዝ ፓርክ ስማችንን አጠፋ» ብላችሁ በየፊናችሁ የምትቆጡ፣ ቁጣችሁ ይገባኛል። የአክስቴን ልጅ ምሳ አልረሳሁም። ግን ጃራ ላይስ ተቆጥታችኋል? ስም ያጠፋው የሣለው ነው ወይስ የሚሣለውን ነገር በየአሥር ዓመቱ የሚያቀርብለት? ሁለቱንም በአንድ ቀን መቆጣት ይቻላል፤ እኔ መርሳ ላይ ሞክሬዋለሁ።

ይህንን ሁሉ ለዚያ ለስልኩ ባለቤት ነገርኩት። ሳቁን አቁሞ ሰማኝ። ጃራን ያውቃታል፤ የአባቱ ታላቅ ወንድም በ77 ወለጋ ከሄዱት አንዱ እንደነበረና ወሬው እንደጠፋ ነገረኝ። የሰውየውን ፊት በፎቶ እንኳ አያውቀውም። ከዚያ ፊልሙን ከመጀመሪያው ከፈተው፤ በዚህኛው ዙር ድምፁን ቀንሶ፣ ብቻውን። አጥፋው አላልኩትም። የማንጎዬን ሒሳብ ከፍዬ ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።