መንጃ ፈቃድ የማን ፈቃድ ነው?

በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚወጣ ሕግ የሚመዘነው በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በሰፈረው ቃል ብቻ አይደለም። ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ በሥራ ላይ ሲውል ማንን እንደሚጠብቅና ማንን እንደሚያጋልጥም ሊታይ ይገባል። ለአሽከርካሪዎች ፈቃድ የሚሰጡትና ተሽከርካሪዎችን የሚመዘግቡት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይም በዚሁ ዓይን መመርመር ያለበት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በወረፋ መርዘም፣ በፋይል መጥፋትና በመስኮት ጀርባ በሚቀመጠው ሠራተኛ ግልምጫ ዙሪያ ብቻ በመሆኑ፣ መኪና የሌለው ሠራተኛና የቀበሌ ነዋሪ «ይህ የባለ መኪኖች ጣጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አመለካከት ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። መንጃ ፈቃድ በትክክል መሰጠቱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በእግሩ ለሚሄደው ሰው ነው።

ይህን በተጨባጭ ለማየት ከአዘዞ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከጎንደር መሀል ከተማ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዘዞ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር የሚመጣው አውራ ጎዳና በእርሷ በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ወሰን የሚወስደው መንገድ ከእርሷ ይነሣል፤ የጎርጎራውም መንገድ እንዲሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው እዚያው ነው፤ የጦር ሠፈሩም እዚያው ነው። በዚህ መገናኛ ላይ የቆላው ሰሊጥ የጫነ ከባድ መኪና፣ ከተማ ለከተማ የሚመላለስ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ እንጨት የጫነች አህያና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን አንዱን አስፋልት ይጋራሉ። የከባዱ መኪና ሾፌር ፈቃዱን ያወጣው ጎንደር ሊሆን ይችላል፤ ደሴም፣ ሐዋሳም፣ አዲስ አበባም ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ግን አንድ አዘዞ ብቻ ናት ያለችው።

ነገሩ ከዚህ የደረሰው በአንድ ጀምበር አይደለም። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነበር። ወደ ጎንደር የሚያደርሰው የመኪና መንገድ በሰፊው የተሠራው ግን በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ለወራሪው ጦር ማመላለሻ ተብሎ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ መንገዱ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ቀረ፤ ዛሬ ታርጋ ስንል፣ ቦሎ ስንል፣ ፍሬንና ማርሽ ስንል የምንናገረው በጣልያንኛ ነው። የምዝገባውን ቋንቋ ከባዕድ መዋሳችን አያሳፍርም። የሚያሳስበው የመዝገቡ መንፈስ ዛሬም ተቆጣጣሪና ተቆጣጠር ብቻ ሆኖ ሕዝቡን ከጉዳዩ ውጭ አድርጎት እንደሆነ ነው።

ሕጉን ካየነው ጎደሎው ይህን ያህል አይደለም። የትራንስፖርት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 468/1997 ተቋቋመ። በአዋጅ ቁጥር 600/2000 የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ በየተሽከርካሪው ዓይነት ተከፋፍሎ እንዲሰጥ፣ ሥልጠናውም ፈቃድ ባላቸው ማሠልጠኛዎች እንዲሆን ተደነገገ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 እንደገና ተሻሽሎ ወጣ። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ተደነገገ። በዚህ አዋጅ መሠረት ታርጋው ራሱ አንባቢ ለሆነ ሰው ብዙ ነገር እንዲናገር ተደርጎ ነበር፤ ኮድ 1 ቀዩ የታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊው የግል፣ ኮድ 3 አረንጓዴው የንግድ፣ ኮድ 4 ጥቁሩ የመንግሥት። መስፈርቱን የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚሰጡትና ተሽከርካሪውን የሚመዘግቡት በአመዛኙ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው።

ቅራኔው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው በአንድ ወረዳ ወይም በአንድ ከተማ መስኮት ነው፤ የሚሠራው ግን በመላ አገሪቱ ነው። ስለዚህ የአገሪቱን የማሽከርከር ደረጃ የሚወስነው ጠንካራው መስኮት ሳይሆን ደካማው መስኮት ይሆናል። ጎንደር ላይ ፈታኙ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፣ በፈተና የወደቀው ሰው ሌላ ቦታ በደላላ በኩል ወረቀቱን አግኝቶ ሊመለስና በአዘዞ አደባባይ መሪ ሊጨብጥ ይችላል። ስለ ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድና ሳይፈተኑ ስለሚሰጥ ፈቃድ የመንግሥት ኃላፊዎች ራሳቸው በየመድረኩ ሲናገሩ ስንሰማ ኖረናልና ይህን እንደ ሐሜት የሚቆጥር አይኖርም።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1903 በወጣው ሕግ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ሲሆን ፈተና ግን አልነበረም፤ ፈቃዱ ክፍያውን ለከፈለ ሁሉ ይሰጥ ነበር። ፈተና ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በእነዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመታት የነበረው መንጃ ፈቃድ በተግባር የግብር ደረሰኝ ነበር ማለት ነው። በሶቪየት ኅብረት በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው የመንግሥት የመኪና ኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት ምዝገባውንም፣ ምርመራውንም፣ የመንገድ ቁጥጥሩንም በአንድ እጅ አጠቃሎ ያዘ፤ ይሁንና በኋለኞቹ ዓመታት ስሙ ከመንገድ ዳር ጉቦ ጋር ተያይዞ የሕዝብ ቀልድ እስከ መሆን ደርሷል። ከሁለቱም ተሞክሮ የምንረዳው ሕግ ማውጣትም ሆነ ሥልጣንን ማማከል የሕዝብን ዓይን ሊተካ አለመቻሉን ነው።

ወደ ፈተናው እንመለስና ከቴክኒኩ ወገን እንየው። ከአዘዞ የሚነሣው የመተማ መንገድ በጭልጋ፣ በአይከል በኩል አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል። አዘዞ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ናት። በሌላው አቅጣጫ በደባርቅ በኩል የሚሄደው ደግሞ ሊማሊሞን ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ የጫነ መኪና የሚያዘው በማርሽ ነው፤ ሾፌሩ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ማድረግ አለበት። ይህን ሳያደርግ ፍሬኑን ያለማቋረጥ የረገጠ እንደሆነ የፍሬኑ ሸራና ታምቡር ይግላሉ፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ መኪናውን በዜሮ የሚለቅ ሾፌር ከዚህም የባሰ ቁማር ይጫወታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዕውቀት በደልዳላ ግቢ ውስጥ፣ በተተከሉ እንጨቶች መካከል ወደ ኋላ በመግባትና በመውጣት ብቻ ሊፈተን ይችላል? የእንጨቱ ፈተና አያስፈልግም አንልም። የሰሜን ጎንደር ደጋ መንገድ ግን ሌላ ፈተና ይጠይቃል። ቀድሞ ረዳት ሆኖ ለዓመታት ከአንጋፋ ሾፌር ጎን የተቀመጠ ወጣት ይህን የሚማረው በሥራ ላይ ነበር። ያ የልምምድ ሥርዓት ብዙ ግፍ የነበረበት መሆኑ አይካድም፤ ረዳቱ ደመወዝ የማይቆረጥለት፣ ከጭነት ላይ የሚያድር ሰው ነበር። ሆኖም ቁልቁለት ያስተምር ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። በእያንዳንዱ የንግድ ተሽከርካሪ ውስጥ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው መንጃ ፈቃድ ሲሆን የሚመሰክረው ስለ ጉልበትና ስለ ሙያ ነው። ሁለተኛው ሊብሬ ሲሆን የሚመሰክረው ስለ ንብረት ነው። በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች የተጻፈው ስም የአንድ ሰው አይደለም። የባጃጅ ሾፌሩን ሁኔታ እንውሰድ። ባለቤቱ በየቀኑ የሚገባለትን ገንዘብ ይቆርጣል፤ ሾፌሩ ነዳጁን ሞልቶ፣ የባለቤቱን ገቢ አስረክቦ፣ የተረፈውን ይዞ ይገባል። ቀኑ ጥሩ ቢውልም ባይውልም የባለቤቱ ገቢ አይቀነስም። ስለዚህ ሾፌሩ ትርፍ ሰው ሲጭን፣ ከመስመር ወጥቶ ሲቀድም፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሲነዳ የምናየው ጥድፊያ ከጠባዩ ብልሹነት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ከውሉ የመነጨ ነው። ጥፋት በተፈጸመ ጊዜ ግን ትራፊክ ፖሊሱ የሚቀበለው ወረቀት የትኛው ነው? መንጃ ፈቃዱ ነው። በደንብ ቁጥር 208/2003 የተዘረጋውና ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ በደንብ ቁጥር 557/2016 የጠበቀው የቅጣትና የጥፋት ነጥብ አሠራር በአመዛኙ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ነው። የሙያው ወረቀት ይቀጣል፤ የንብረቱ ወረቀት ሰላም ውሎ ሰላም ያድራል።

ይህን ስንል ሾፌሩ ከጥፋተኝነት ነፃ ነው ማለታችን አይደለም፤ የተገደለ ሰው የውል ሰለባ በሆነ ሾፌር ተገደለ ተብሎ አይጽናናም። ባለቤቶችንም ሁሉ በአንድ ሚዛን አንመዝንም፤ ጡረታውን አጠራቅሞ አንዲት ባጃጅ የገዛን አዛውንት አሥር የጭነት መኪና ካሰለፈ ነጋዴ ጋር አንድ አድርጎ ማየት የትንተና ስንፍና ነው። የምንለው ቁጥጥሩ ሁለቱንም ወረቀቶች ይያዝ ነው።

በሕግ ረገድ መሠረቱ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ለድኻው ትልቅ ጋሻ ነው። ጋሻው የሚሠራው ግን መዝገቡ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ ሲባል መኪና በውክልና እየተሸጠ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት አገር ታርጋው የሚያመለክተው መኪናዋን ከዓመታት በፊት የሸጠን ሰው ሊሆን ይችላል። ልጇ የተገጨባት እናት ክስ ለማቅረብ ስትሄድ ሦስት ውክልና፣ አንድ የጠፋ ሰውና አንድ ግድግዳ ይጠብቋታል። ለሦስተኛ ወገን የሚገባ የመድን ዋስትና በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነው፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተሻሻለውም፣ መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ ተሽከርካሪ ለተጎዱ የሚሆን ፈንድ የተቋቋመውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። ከቀበሌ ነዋሪዎች መካከል ይህ መብት እንዳለው የሚያውቀው ስንቱ ነው? በ2010 ዓ.ም. ብቻ በመላ አገሪቱ ከ4 ሺህ የሚበልጥ ሰው በመንገድ ላይ ሕይወቱን አጥቷል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ እግረኞች ነበሩ።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱና ጎማው ታይቶ ተሽከርካሪው ለመንገድ ብቁ ሆኖ መገኘቱን ለሕዝብ የሚናገር ምስክር ነው። ተሽከርካሪው ሳይቀርብ ወረቀቱ ብቻ ተመርምሮ ቦሎ የተሰጠ እንደሆነ ምስክሩ ሐሰተኛ ነው፤ በሐሰተኛ ምስክር የሚጎዳውም ተሳፋሪው ነው።

ደላላው የሚበቅለው በርቀትና በምስጢር መካከል ነው። ከገጠር ወረዳ ለአንድ ማኅተም ሁለት ቀን የሚመላለስ ሰው፣ በተለይም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሥራ ሲቋረጥ የተንገላታ ሰው፣ «በእኔ በኩል ዛሬውኑ ይጨርሳል» ለሚለው ደላላ ጆሮውን ቢሰጥ አያስደንቅም። በመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛም በደመወዙ ወር መድረስ የተሳነው ከሆነ ደላላው በሁለቱም ወገን በር አለው። ሆኖም የኑሮ ውድነት ለአንድ ሰው ሞት ማካካሻ ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም፤ ፈቃድ የሚሸጥ ሠራተኛ የሚሸጠው የራሱን ሳይሆን የመደብ ወንድሞቹን ደኅንነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው ዲጂታል መታወቂያ ከፈቃዱ መዝገብ ጋር በሚገባ ከተሳሰረ አንድ ሰው በሁለት ክልል ሁለት ፈቃድ እንዳይኖረው ሊያግዝ ይችላል። መሣሪያው ግን የፈታኙን ሕሊና አይተካም።

የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራትና እድሮች በዚህ ረገድ ከተመልካችነት ሊወጡ ይገባል። በጉባኤያቸው ላይ የመንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ጠርተው በሩብ ዓመቱ ስንት ሰው ተፈተነ፣ ስንቱ ወደቀ ብለው መጠየቅ መብታቸው ነው፤ የወዳቂው ቁጥር ሁልጊዜ ባዶ ከሆነ መልሱ በራሱ ተነግሯል ማለት ነው። የተግባር ፈተናው በሕዝብ ታዛቢ ፊት እንዲካሄድ፣ ለከባድ መኪናም ከግቢ ወጥቶ በእውነተኛ ቁልቁለት ላይ እንዲሆን መጠየቅም እንዲሁ።

በትራንስፖርትና በፋብሪካ የተደራጁት ሠራተኞች ደግሞ የራሳቸው መሣሪያ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ፍሬኑ ያልተመረመረ መኪና ለሾፌር መስጠት ከዚህ ግዴታ ጋር የሚጋጭ ነው። ፍሬኑ ያልታየለትን መኪና ይዤ ወደ መተማ አልወርድም ያለ ሾፌር ሥራውን እንዳያጣ የሚያደርግ አንቀጽ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እያንዳንዱ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር ሰነዱን ገልጦ ዛሬውኑ ሊያየው ይችላል።